ጠዋት አልነሳ ያለችው ኮምቢ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ወር አንድ ባለ ኮምቢ፣ ጣና ዳር ቡና የምትሸጥ እህት፣ የሞተር ጀልባ ያላቸው ሰው እና አንድ ጡረታ የወጡ አባት ጽፈውልኛል። አራቱም የጠየቁት ስለ ባትሪ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚነካ ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ፤ ሌሎቹ ከእሱ ጋር ስለሚያያዙ እሱን ቀድማችሁ ብታነቡት ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የ1978 ሞዴል ቮልስዋገን ኮምቢ አለችኝ። ውስጧ አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃና ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ አለ። ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሐይቁ ዳር እየሄድን እናድርባታለን። ሁለት ባትሪ አላት። ባለ 60 አምፔር ሰዓቱ ከኋላ ሞተሩ ጋ ነው። ባለ 80ው፣ የቤቱ ባትሪ የምለው፣ ደግሞ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ለፍሪጅ፣ ለመብራትና ለፋን ነው። የሠራልኝ ሰው የሁለቱን ፖዘቲቭ በአንድ ባለ 4 ሽቦ በቀጥታ አገናኘው። በቅርቡ ጎርጎራ ሁለት ሌሊት አድረን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቁልፍ ሳዞር “ጠክ” ብላ ቀረች። የሰፈሩ ልጆች ገፍተው አስነሱልን። አዲስ የሞተር ባትሪ ገዛሁ። ከሦስት ወር በኋላ ያው ነገር ተደገመ። አንድ ጋራዥ አልተርኔተሩ ደክሟል ቀይረው አለኝ። ሌላው ሁለቱንም ባትሪ ቀይር አለኝ። ሞተር አስነስቼ ስለካ የሞተሩ ባትሪ ላይ 14.1 ቮልት፣ የቤቱ ባትሪ ላይ 13.2 ቮልት አገኘሁ። ጠዋት ካስነሳኋት በኋላ ያቺን ሽቦ ስነካት ደግሞ ትሞቃለች። ምን ልቀይር? ሊትየም ባትሪስ ባስገባ ይገላግለኛል?
ባለ ኮምቢው፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው አልተርኔተሩንም ባትሪውንም እንዳትቀይር። በጣም ደስ ያለኝ ለክተህ መጻፍህ ነው። አብዛኛው ሰው “ባትሪዬ ሞተ” ብሎ ብቻ ነው የሚጽፍልኝ። አንተ የላክሃቸው ሁለት ቁጥሮች ግን መልሱን ከሞላ ጎደል ይዘውታል።

ከ14.1 እንጀምር። ባለ 12 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ ሞተር ተነስቶ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ባለው ውስጥ ከሆነ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው አልተርኔተሩም፣ ቮልቱን የሚወስነው ሬጉሌተሩም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጋራዥ ምክር አያስፈልግህም። ጥያቄው ከሞተሩ ባትሪ የተነሳው 14.1 የቤቱ ባትሪ ጋ ሲደርስ ለምን 13.2 ሆነ ነው። 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የወሰደው ሽቦው ነው።

ከሞተሩ እስከ ወንበርህ ጀርባ 5 ሜትር ያህል ነው፤ መመለሻውን ስትደምር 10 ሜትር። ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ላይ 20 አምፔር ሲሄድ በ10 ሜትር ውስጥ ወደ 0.9 ቮልት ይጠፋል። ልክ አንተ ያገኘኸው ቁጥር ነው። ያው 20 አምፔር በባለ 16 ሽቦ ቢሄድ የሚጠፋው 0.2 ቮልት ግድም ብቻ ነበር። 13.2 እና 13.9 ሲታይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ለባትሪ ግን ትልቅ ነው። በ13.2 ቮልት ሊድ አሲድ ባትሪ ቀኑን ሙሉ ብትነዳም ሞልቶ አይሞላም። ግማሽ ሆኖ የሚኖር ባትሪ ደግሞ ውስጡ ያለው ሊድ ሳህን ላይ ሰልፌት እየጠነከረበት በወራት ውስጥ አቅሙን ያጣል። አዲስ የሞተር ባትሪ ገዝተህ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰህ እዚያው የተገኘኸው አንዱ ምክንያት የቤቱ ባትሪ እንዲህ መድከሙ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ችግር በቀጥታ መታሰራቸው ነው። ግቢህ ውስጥ ሁለት ሮቶ አስበህ ከታች በቧንቧ አገናኛቸው። የአንዱን ቧንቧ ስትከፍት ሁለቱም እኩል ይወርዳሉ። የአንተም ባትሪዎች እንደዚያው ናቸው። ሌሊት ፍሪጁ የሚጠጣው ከቤቱ ባትሪ ብቻ አይደለም፤ ከሞተሩም ነው። እስቲ የጎርጎራውን እናስላው። ኮምፕሬሰር ያለው ትንሽ ፍሪጅ ሲሠራ 4 አምፔር ግድም ይወስዳል፤ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ በ24 ሰዓት ወደ 40 አምፔር ሰዓት ነው። ፋኑ 2 አምፔር ቢወስድና 6 ሰዓት ቢሠራ 12። መብራቱ ኤልኢዲ ከሆነ 5 በቂ ነው። በቀን ወደ 57፣ በሁለት ቀን ወደ 115 ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ባትሪዎችህ ተደምረው፣ ያውም አዲስና ሙሉ ሆነው፣ 140 ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የቀረው ሞተሪኖውን ሊያዞር አይችልም። ኮምቢዋ መነሳት እምቢ ያለችው በአንተ ዕድል አይደለም፣ ሂሳቡ ነው።

ሦስተኛው የሽቦዋ መሞቅ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለህ አንብበኝ፣ ምክንያቱም ይሄኛው የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። ሞተሪኖ ሲነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። የሞተሩ ባትሪ ሲደክም የቤቱ ባትሪ ሊረዳው ይሞክራል። ያ ሁሉ ጉልበት የሚሄደው በዚያች ቀጭን ሽቦ ነው። ፊውዝ ስለመኖሩ ምንም አልጻፍክም። ከሌለ፣ ሽቦዋ ፕላስቲኳ ቀልጦ ቦዲ የነካች ዕለት የሚያቆማት ነገር የለም። ፊውዝ ያልገባለት ሽቦ ቦዲ ነክቶ የወንበር ስፖንጅ ሲያያዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው አልነበረበትም፣ ተመስገን። በአንተ መኪና ውስጥ ግን ልጆች ይተኛሉ። ስለዚህ ይህን ያነበብክ ዕለት ማታ ያቺን ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ፍታት። ስትፈታ መጀመሪያ የሁለቱንም ባትሪ ኔጌቲቭ አንሳ፤ ስትመልስ ኔጌቲቭን መጨረሻ አድርግ። ሽቦዋን አውጥተህ እስክትጨርስ ፍሪጁን ተወው።

ከዚያ ወደ ትክክለኛው አሠራር እንሂድ። የሚፈለገው ነገር ቀላል ነው፤ ሞተር ሲሠራ ሁለቱ ባትሪዎች ይገናኙ፣ ሞተር ሲጠፋ ይለያዩ። ይህንን የሚያደርገው ሪሌ ነው። አራት እግር ያለው፣ ቢያንስ 70 አምፔር የሚችል ሪሌ ፈልግ። ለፓውዛ የሚገባው ባለ 30 አይበቃህም፣ ይቃጠላል። ሪሌው ላይ ቁጥር ተጽፏል። 30 ከሞተሩ ባትሪ ፖዘቲቭ ይመጣል። 87 ወደ ቤቱ ባትሪ ፖዘቲቭ ይሄዳል። 85 ቦዲ ላይ ይታሰራል። 86 ደግሞ ከአልተርኔተሩ ዲ ፕላስ ወይም 61 ከሚባለው ነጥብ ይመጣል። ያ ነጥብ ሞተር ተነስቶ አልተርኔተሩ ማመንጨት ሲጀምር ብቻ ነው 12 ቮልት የሚሰጠው። ስለዚህ ሞተሪኖው ሲያዞር ሪሌው ሁለቱን ገና አላገናኘም፣ የቤቱ ባትሪ አይነካም። ቁልፍ ስታጠፋ እንደገና ይለያያሉ። በዚያ ዘመን በካምፐርነት የተሠሩት ኮምቢዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ መንገድ ነው፤ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

አንዳንድ ባለሙያ ከሪሌ ይልቅ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ላስገባልህ ሊልህ ይችላል። ይሠራል፣ ግን ተራ ዳዮድ ራሱ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት ይበላል። የሽቦውን ኪሳራ አስወግደህ በሌላ መተካት ይሆንብሃል። በእኔ እይታ ለአሮጌ ኮምቢ ሪሌው ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ ሲበላሽም መንገድ ላይ የትም ይገኛል።

ሽቦውን ባለ 16 አድርገው፣ ከቻልክ ባለ 25። በሁለቱም ባትሪ አጠገብ፣ ከፖዘቲቩ በአንድ ጋት ርቀት ውስጥ፣ ፊውዝ ይግባ። ሁለት ፊውዝ ያልኩት በስህተት አይደለም። ሽቦው በሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለው መሐል ላይ ቢነካ ከሁለቱም ወገን ጉልበት ይመጣበታል። ኔጌቲቩንም አትርሳ። 1978 የተሠራ ቦዲ ዝገት አይጠፋውም፣ በቀለም ላይ የታሰረ ኔጌቲቭ ደግሞ እንዳልታሰረ ቁጠረው። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ እሰር፤ የተሻለው ግን ለኔጌቲቩም የራሱን ወፍራም ሽቦ እስከ ሞተሩ ባትሪ መዘርጋት ነው።

ሲያልቅ እንደዚህ ፈትሸው። ሞተሩን አስነስተህ ትንሽ ነዳጅ ስጠው፣ ፍሪጁንና መብራቱን አብራ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሞተሩ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን በቤቱ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። ገመዱ ካልደረሰ በሽቦ አስረዝመው። የምታየው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከ0.3 በታች ከሆነ ጥሩ። ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭም እንዲሁ ለካ። የትኛው ወገን እንደሚበላብህ ወዲያው ታውቃለህ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በአሮጌ ቮልስ ላይ ብዙ ሰው ያለፋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የቻርጅ መብራት ምልክት ብቻ አይደለችም። አልተርኔተሩን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው በእሷ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለ አልተርኔተሩ ዝም ሊል ይችላል፣ ወይም ነዳጅ እስክትረግጥ ይዘገያል። ቁልፍ ስትከፍት ቀይዋ መብራት መብራት አለባት፤ ካልበራች አልተርኔተር ከመግዛትህ በፊት አምፖሏን ቀይር።

አሁን ደግሞ ከነዳህ ስንት ይሞላል የሚለው። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ከ3 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የዚያ ዘመን ኮምቢ አልተርኔተር ብዙውን ጊዜ 55 አምፔር ነው። ከዚያ ላይ ሞተሩ ራሱ ይወስዳል፣ የፊት መብራት ካበራህ ሌላ 10 ይሄዳል፣ የሞተሩ ባትሪም ድርሻውን ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ለቤቱ ባትሪ 20 ወይም 25 ቢደርሰው ነው። ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ራሱ የሚቀበለው ይቀንሳል። ግማሽ የነበረው ባትሪህ ጎንደር ስትደርስ ከመቶ 80 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። የቀረው 20 ግን ሌላ አራትና አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ሊድ አሲድ ተፈጥሮው እንደዚያ ነው፣ አትቸኩለውም። ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋህ ከቀበሌ ቀበሌ መንዳት ደግሞ ምንም አይሞላልህም ብል ይቀላል።

ያን የመጨረሻ 20 የሚሞላው ወይ ቤት ስትመለስ የ220 ቮልት ቻርጀር ነው፣ ወይ ሶላር። ለአንተ ሁለቱንም እመክራለሁ። ባለ 100 ዋት ፓኔል በጠራ ፀሐይ 5 አምፔር ግድም ይሰጣል፤ በበጋ ባሕር ዳር ላይ በቀን 25 አምፔር ሰዓት ቢገኝ አይገርመኝም። በቀን 57 ለምታወጣው ሁለት ፓኔል ቢሆን ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከብድ ከዚያ ብዙ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ በሶላር ብቻ አትተማመን። መሐል ላይ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር ቻርጅ ኮንትሮለር ይግባ። ስታገናኝ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን።

እዚህ ላይ የጣና ዳር ችግር አለ። እኛ መኪና የምናቆመው የት ነው? ዋርካ ሥር! ቀን ላይ ሌላ ቦታ አያስቆምም። ፓኔሉ ግን ጥላ አይወድም፤ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ቢያርፍበት የሚሰጠው በጣም ይወርዳል። ስለዚህ ፓኔሉን ጣሪያ ላይ ከማሰር ይልቅ አንዱን ተንቀሳቃሽ አድርገው። ኮምቢዋ ዋርካው ሥር ትረፍ፣ ፓኔሉ በ10 ሜትር ሽቦ ፀሐይ ላይ ይውጣ። ልጆቹ በየሁለት ሰዓቱ ወደ ፀሐይ ያዙሩት፤ ደስ እያላቸው ያደርጉታል።

ስለ ቤቱ ባትሪ ቦታም ላንሳ። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን ደግሞ ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። የጋዝ ምድጃም እዚያው አለ። ሣጥኑ ክዳን ይኑረው፣ ከላይ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ይደረግለት፤ ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ወደፊት ባትሪውን መቀየርህ ካልቀረ ኤጂኤም የሚባለውን ዝግ ባትሪ ብታስገባ ይህ ጭንቀት በጣም ይቀልልሃል።

ሊትየምስ? ጥሩ ባትሪ ነው፣ ቀላል ነው፣ ብዙ ዓመት ይቆያል። ግን አሁን ባለው አሠራርህ ላይ እንዳታስገባው። ሊትየም የተሰጠውን ሁሉ ይጎትታል፣ እስኪሞላም አይቀንስም። አሮጌው ባለ 55 አልተርኔተር በሙሉ ጉልበቱ ለሰዓታት እንዲሠራ አልተሠራም፤ በዚያ ላይ በኮምቢ ሞተር ሙቀት ውስጥ ነው ያለው። ይጋያል። ሊትየም ከፈለግህ በሪሌው ፈንታ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር የሚባለው፣ የሚወስደውን በ20 ወይም በ30 አምፔር የሚወስን ዕቃ ይግባ። ያኔ አልተርኔተሩም ይተርፋል፣ ባትሪውም በትክክለኛው ቮልት ይሞላል። ገንዘቡን ከማውጣትህ በፊት ግን ሪሌውንና ሽቦውን ሠርተህ አንድ በጋ ሞክረው። ምናልባት ሌላ ነገር ላያስፈልግህ ይችላል።

በመጨረሻ፣ የባትሪዎችህን ጤና ለማወቅ ሁለቱን በየራሳቸው በቻርጀር ሙላቸውና ሌሊቱን ምንም ሳይነካቸው ይደሩ። ጠዋት ለካቸው። 12.6 እና ከዚያ በላይ ካሉ ጤነኛ ናቸው። 12.2 ግማሽ ማለት ነው። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ አድሮ 12.2 የሚል ባትሪ ግን ዘመኑን ጨርሷል፣ የሞተሩን ደግሞ ስታስነሳ ለካው፣ ከ9.6 በታች ከወረደ አያስተማምንም። እነዚህን ቁጥሮች ጻፍልኝ፣ ከዚያ ስለ ባትሪ መግዛት እናወራለን።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረምክ ወንድሜ። ከሐይቁ ዳር አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ ቡና እሸጣለሁ። ተጨማሪ ባትሪና ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር አለኝ። በኢንቨርተሩ ውሃ ማፍያ እጠቀማለሁ። ባትሪው ቶሎ ስለሚወርድብኝ በቀን ሁለት ሰዓት መኪናውን ቆማ እያስነሳሁ እሞላለሁ። ቤንዚኑ ትርፌን እየበላው ነው። መላ ካለህ ንገረኝ።
ቡና ሻጯ

መልስ፦ እህቴ፣ መላው ያለው ውሃ ማፍያው ጋ ነው። 1000 ዋት ከ12 ቮልት ሲወሰድ ከ80 አምፔር በላይ ነው፤ ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን ስትጨምሪበት ወደ 90 ይጠጋል። አንድ ጀበና የሚሆን ውሃ ለማፍላት ባትሪሽን በጣም ታስጨንቂዋለሽ፣ እንደዚያ ያለ ባትሪ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ውሃውን በከሰል ወይም በሲሊንደር ጋዝ አፍዪው። ከሰሉን ከመኪናው ውጭ አድርጊ። ባትሪው ለመብራት፣ ለስልክ ቻርጅና ለሬዲዮ ይቅር፤ ለዚያ ሳምንት ሊቆይልሽ ይችላል።

መኪና አቁሞ በሚኒሞ ማሠራቱንም ተይው። ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ አልተርኔተሩ የሚሰጠው ከአቅሙ ጥቂቱን ነው። በሁለት ሰዓት የምታገኚው ባለ 100 ዋት ሶላር በጣሪያሽ ላይ በነጻ ሊሰጥሽ የሚችለውን ያህል ላይሆን ይችላል። ከዚያ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ጭሱ ነው። የቤንዚን ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ራስ ምታትና ድካም ብቻ ነው የሚሰማሽ። በር ዘግተሽ ወይም ነፋሱ ጭሱን ወደ ውስጥ ሲመልሰው ሰው ይገድላል። ደንበኞችሽም አጠገቡ ይቀመጣሉ። እባክሽ ከዛሬ ጀምረሽ አቁሚው። ቤትሽ መብራት ካለ ማታ ባትሪውን በቻርጀር ሙዪው፣ መብራት የጠፋ ዕለት ሶላሩ ይተካዋል።

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ ሰው የማመላልስበት የሞተር ጀልባ አለኝ። ባለ ሁለት ባትሪ ነው። መቀየሪያው ላይ 1፣ 2፣ ሁለቱም እና ማጥፊያ የሚሉ አሉ። መሐል ሐይቅ ላይ ከ1 ወደ 2 ሳዞር አልተርኔተሩ ተቃጠለብኝ። ይህ እንዴት ይሆናል?
ባለ ጀልባው

መልስ፦ ሲያዞሩት በማጥፊያው በኩል ሳያልፍ አልቀረም። ሞተር እየሠራ አልተርኔተሩ ከባትሪ ከተለየ፣ ለአንዲት ቅጽበትም ቢሆን፣ የሚያመነጨው መሄጃ ያጣል። ቮልቱ በአንዴ ይወጣና ውስጡ ያሉትን ዳዮዶች ይመታቸዋል። ከ1 ወደ 2 ሲሄዱ ሁልጊዜ “ሁለቱም” በሚለው በኩል ይለፉ። ወደ ማጥፊያው የሚዞረው ሞተር ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው። መቀየሪያው አሮጌ ከሆነ ደግሞ ውስጡ በትክክል ላይነካ ስለሚችል በሚቀጥለው ጥገና አስፈትሹት። የተቃጠለውን አልተርኔተር ግን አይጣሉት፣ ብዙ ጊዜ ዳዮዱ ብቻ ተቀይሮ ይነሳል። ከመንገደኞች ጋር ሲወጡም አንዱን ባትሪ ለሞተር ማስነሻ ብቻ ይተዉት። መሐል ጣና ላይ ገፍቶ የሚያስነሳ ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አሮጌ መኪናዬን በወር አንዴ ነው የማወጣት። ባትሪውን አውጥቼ መጋዘን ውስጥ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ጎረቤቴ ሲሚንቶ ባትሪ ይመጥጣልና ጣውላ ላይ አድርገው ይለኛል። እውነት ነው ወይ? ውሃውስ ምን ዓይነት ነው የሚጨመር?
ጡረተኛው

መልስ፦ ጋሼ፣ ጎረቤትዎ የነገሩዎት ድሮ እውነት ነበር። የጥንቶቹ ባትሪዎች ሣጥን የጎማ ወይም የእንጨት ስለነበር እርጥበት ዘልቆት ኤሌክትሪክ ይወጣበት ነበር። የዛሬዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ሲሚንቶ ምንም አያደርጋቸውም። ባትሪዎ የሚወርደው በራሱ ነው። ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥም በየወሩ ጥቂት ይቀንሳል፣ ቦታው ሞቃት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ጣውላ ሳይሆን ቻርጀር ነው። በወር አንዴ ሙሉ ያድርጉት። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ከሆነ ከቤት ውጭ ጥላ ያለበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይሻለዋል።

ውሃው የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ብቻ ይሁን። የቧንቧም፣ የሐይቁም፣ በፕላስቲክ የታሸገው የመጠጥ ውሃም ማዕድን ስላለው ሳህኖቹን ያበላሻል። አሲድም አይጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ነው ያለው። ሳህኖቹ ከተሸፈኑ በኋላ አንድ ጣት ያህል ከፍ ቢል ይበቃል። ውሃውን የሚሞሉት ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ይሁን፣ ቀድመው ከሞሉት ሲሞቅ ይፈሳል። ራሶቹ ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ከባትሪው የአሲድ ትነት የሚመጣ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት፣ ክዳኖቹ መዘጋታቸውን አይተው። ሲደርቅ ቫዝሊን ይቀቡት። ጓንት አይርሱ፣ ዓይንዎን ደግሞ በመነጽር ይጠብቁ። አሲዱ ቆዳ ከነካዎ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠቡት።